መልእክት ደረሰ ማለት ምን ማለት ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን በምናከብርበት በዛሬው ዕለት በፊታችሁ ቆመን ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ደስታችን ከፍ ያለ ነው። ከእኛ በፊት በዚህ ስፍራ የቆሙት ታላላቆቻችን ስለ ትምህርት ጥቅም፤ ስለ ጊዜ አጠቃቀምና ስለ መልካም ጠባይ ብዙ የሚጠቅም ምክር ሰጥተዋል። እኛ የመረጥነው አርእስት ግን ምናልባት ለጆሮ እንግዳ ይመስል ይሆናል። አርእስቱም፤ መልእክት ደረሰ ማለት ምን ማለት ነው? የሚል ነው። በዚህ ነገር ብዙ የደከሙ፤ በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ፤ ብሪያንክል ቻንግ የሚባሉ አንድ ሊቅ አሉ። እርሳቸውም ዣክ ደሪዳ የተባለውን የፈረንሳይ ፈላስፋ አካሄድ ተከትለው የሰው ልጅ የመነጋገርና የመግባባት ነገር እንዴት ሊመረመር እንደሚገባው በመጽሐፍ ገልጸዋል። እኛም ከዚህ ትምህርት የገባንን ያህል በዐቅማችን ልናካፍላችሁ እንወዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ዳሩ ግን ወደ ሊቃውንቱ ከመሄዳችን በፊት በቅርባችን ከደረሰው ነገር እንጀምር።

ከትምህርት ቤታችን አጥር ብዙ ሳይርቁ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን መግለጽ አያስፈልግም፤ እኛ እማማ እያልን ነው የምንጠራቸው። በልጅነታቸው የመማር ዕድል ስላላገኙ ማንበብ አይችሉም። ሴት ልጃቸው በዐረብ አገር ተቀጥራ ትሠራለች፤ ወንድ ልጃቸው ደግሞ ከዚህ ርቆ በሌላ ከተማ ይማራል። ልጅቱ ለመደወል ጊዜ ስታጣ በእናቷ የእጅ ስልክ አጭር ጽሑፍ ትልካለች፤ እኛም ቅዳሜ ቅዳሜ ከመካከላችን ሁለት ሦስት እየሆንን ሄደን እናነብላቸዋለን። እማማም ቡና አፍልተው ይጠብቁናል።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ ጥቂት ቀደም ብሎ የመጣው መልእክት እንዲህ የሚል ነበር። «እማዬ፤ እኔ ደኅና ነኝ። ስለ ላክሁት ገንዘብ ለወንድሜ ሁለት ጊዜ ደወልሁለት፤ አይሰማም። አንቺ ንገሪው።»

እኛም አነበብን። ስናነብም «አይሰማም» በሚለው ቃል ውስጥ ያሉትን ሰ እና ማ የሚባሉትን ፊደሎች አላልተን አነበብናቸው። እንዲህ ሲነበብ ልጁ ምክር አይቀበልም፤ እንቢተኛ ነው ማለት ይሆናል። የእማማ ፊት ጠቆረ። «አይሰማም ነው ያለችው?» ብለው ጠየቁን። እኛም፤ «አዎን እማማ፤ አይሰማም ትላለች» ብለን መለስን። ሁለተኛም አነበብንላቸው፤ ነገር ግን ያው እንደ ፊተኛው አላልተን ነበር።

ልጁ ለፋሲካ ወደ ቤቱ ሲመጣ እናቱ እንደ ወትሮው አልተቀበሉትም። እኅትህ በባዕድ አገር ደክማ የላከችውን ገንዘብ ምን አደረግኸው፤ ስትመክርህስ ስለ ምን አትሰማም ብለው ገሠጹት። ልጁም ስላልሠራው በደል በመወቀሱ ተቀይሞ በዓሉ ሳያልፍ ተመልሶ ሄደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጅቱ ደወለች፤ ነገሩም ተገለጠ። እርስዋ የጻፈችው ቃሉ ጠብቆ እንዲነበብ ነበር። ይኸውም ስልኩ እየተቆራረጠ የወንድሟ ድምፅ አልሰማ ስላላት፤ ገንዘብ መላኳን እናቷ እንዲነግሩላት መለመኗ ነበር።

እማማ አልተቈጡንም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ጠየቁን። «ልጄ አልዋሸችም፤ እናንተም ልጆቼ አልዋሻችሁም፤ ስልኩም የተጻፈውን አምጥቷል። ታዲያ ከወንድ ልጄ ጋር ያጣላኝ ማን ነው?» አሉ። እኛ መልስ አልነበረንም። ይህን ንግግር ያዘጋጀነውም ያ ጥያቄ ከአእምሮአችን አልወጣ ስላለን ነው።

ስለ መልእክት ከተጻፉት ትምህርቶች በዓለም እጅግ የታወቀው ክሎድ ሻነን የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅና መሐንዲስ በ1948 ያሳተመው ነው። ሻነን በቤል የስልክ ኩባንያ የምርምር ክፍል ይሠራ ነበር። በእርሱ ሥዕል አስቀድሞ የመልእክት ምንጭ አለ፤ ቀጥሎ መልእክቱን ወደ ምልክት የሚለውጥ ማስተላለፊያ፤ ከዚያ ምልክቱ የሚያልፍበት መሥመር፤ ከዚያም መቀበያ፤ በመጨረሻም መድረሻው አለ። መልእክቱን የሚያበላሸው ሁከት ነው፤ ይኸውም እንደ ሽቦ ጩኸትና እንደ መቆራረጥ ያለው ወደ መሥመሩ የሚገባ ነገር ነው። ይህ ትምህርት ለስልክና ለኮምፒዩተር ሥራ ያበረከተው ጥቅም እጅግ ታላቅ ነው። ሻነንም የቃሉ ትርጕም የመሐንዲሱ ጉዳይ አለመሆኑን ገና ከመጀመሪያው በግልጽ ተናግሯል። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቱ ከዋረን ዊቨር ማብራሪያ ጋር በመጽሐፍ ከወጣ በኋላ፤ ብዙ ሰዎች ያንኑ ሥዕል የሰው ለሰው መነጋገር ሁሉ መግለጫ አድርገው ወሰዱት።

እንግዲህ የእማማን መልእክት በዚህ ሚዛን እንመዝነው። ምንጩ ልጅቱ ናት፤ መሥመሩ የስልኩ አገልግሎት ነው፤ መድረሻው እናትዮዋ ናቸው። ከተጻፉት ፊደሎች አንዲቱ እንኳ አልጠፋችም፤ አልተለወጠችምም። በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ መልእክቱ ያለ አንዳች እንከን ደርሷል። እማማ ግን ከልጃቸው ጋር ተጣልተዋል። ስለዚህ ያጣላቸው ነገር በመንገድ የገባ ሁከት አይደለም። በዚያው በደኅና በደረሰው ቃል ውስጥ የነበረ ነው።

ፕሮፌሰር ቻንግ የሚነሡት እንዲህ ካለው ነጥብ ላይ ነው። ኮሙኒኬሽንን በዲኮንስትራክሽን መንገድ የሚመረምረው መጽሐፋቸው በ1996 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። በዚህ መጽሐፍ የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው። ስለ መገናኘት የሚያስተምሩ ሊቃውንት በብዙ ነገር ቢለያዩም፤ ሳይመረምሩ የሚቀበሉት አንድ ሥዕል አላቸው። ይኸውም ሁለት የተለያዩ አእምሮዎች በገደል ማዶና ማዶ እንደ ቆሙ ሁለት ቤቶች ናቸው፤ ቃል ደግሞ በመካከላቸው የተዘረጋ ድልድይ ነው፤ በአንደኛው ቤት የነበረው ሐሳብ ተሻግሮ በሁለተኛው ቤት ሲገኝ መግባባት ተፈጸመ ይባላል። መግባባት ደንብ ነው፤ አለመግባባት ግን እንደ ድንገተኛ አደጋ ይቈጠራል።

የእኛም አማርኛ ከዚህ ሥዕል ነጻ አይደለም። «ሐሳቡን አስተላለፈ» እንላለን፤ «ቃሉን አደረሰ» እንላለን፤ የተረዳን እንደ ሆነ ደግሞ፤ ነገሩ በበር እንዳለፈ እንግዳ ያህል፤ «ገባኝ» እንላለን። ቻንግ ግን እንዲህ እያሉ ይጠይቃሉ። በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ከጠፋ መነጋገር ለምን ያስፈልጋል? ሁለት ሰዎች በሁሉ ነገር አንድ ቢሆኑ የሚነግሩት ነገር አይኖራቸውም። እንግዲያስ ትምህርቱ ሊያጠፋው የሚፈልገው ልዩነት ራሱ መነጋገርን እንዲቻል የሚያደርገው ነው። ስለዚህ አለመግባባትን ከመነጋገር ውጭ እንዳለ ጠላት አድርጎ ማየት የነገሩን ሥር መሳት ነው።

ይህ አካሄድ ከደሪዳ የተወረሰ ስለ ሆነ ስለ እርሱ ጥቂት መናገር ይገባናል። ዣክ ደሪዳ በ1930 በአልጄሪያ፤ ከአልጀርስ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በኤል ቢያር፤ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። አገሩ በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ ግዛት ሥር ነበረ። በ1942 የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ፤ ትምህርት በተከፈተበት ቀን አይሁዳዊ በመሆኑ ብቻ ከትምህርት ቤት ተባረረ፤ ምክንያቱም የቪሺ መንግሥት በትምህርት ቤት የሚገቡትን የአይሁድ ልጆች ቍጥር በሕግ ወስኖ ስለ ነበረ ነው። ዛሬ የትምህርት ቤታችንን በዓል የምናከብር እኛ ይህን ስናነብ ልባችን ተነክቷል። ያ ልጅ በኋላ በፓሪስ ተምሮ ትልቅ መምህር ሆነ፤ በ1967 በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት መጻሕፍት በማሳተሙ ስሙ ተጠራ፤ በ2004 በፓሪስ ዐረፈ።

ዲኮንስትራክሽን የሚለውን ቃል ሲሰሙ ብዙ ሰዎች ማፍረስ ማለት ይመስላቸዋል። ደሪዳ ግን በ1983 ለአንድ ጃፓናዊ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ቃሉን ሊትሬ በሚባለው የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት እንዳገኘው ይናገራል። እዚያ ከተሰጡት ትርጕሞች አንደኛው አንድን ማሽን ወደ ሌላ ስፍራ ለማጓጓዝ ክፍል በክፍል መፍታት ነው። ሰዓት ሠሪ የቆመውን ሰዓት ፈታትቶ በጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ ሰዓቱን ሰበረ አይባልም፤ አሠራሩን ሊያይ ነው። ደሪዳም የፍልስፍናን ትምህርት እንዲሁ ይፈታል። ሊቃውንት ሁለት ነገሮችን አጣምረው አንዱን ከሌላው በላይ ሲያስቀምጡ፤ ለምሳሌ ንግግርን ከጽሕፈት በላይ ሲያከብሩ፤ የተከበረው ነገር በተናቀው ላይ ቆሞ እንደሚገኝ ያሳያል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በ1968 ስለ ፕላቶን ያወጣው ጽሑፍ ነው። ፕላቶን ፌድሮስ በተባለው መጽሐፉ ሶቅራጥስ የተረከውን አንድ የግብፅ ታሪክ ያመጣል። ቴውት የሚባለው አምላክ ጽሕፈትን ፈልስፎ፤ ይህ ለመርሳት መድኃኒት ነው ብሎ ለንጉሡ ለታሙስ አቀረበ። ንጉሡ ግን አልተቀበለውም። ሰዎች በጽሕፈት ተማምነው ማስታወስን ይተዋሉ ብሎ ነቀፈው፤ ሶቅራጥስም የተጻፈ ቃል ቢጠይቁት መልስ አይሰጥም፤ አባቱም አጠገቡ ስለሌለ የሚሟገትለት የለውም ብሎ ጨመረበት። ደሪዳ የተመለከተው በግሪክኛው የተጻፈውን ቃል ነው፤ ይኸውም ፋርማኮን የሚለው ሲሆን ፋርማሲ የምንለውም ከዚሁ የመጣ ነው። ፋርማኮን ማለት የሚፈውስም የሚገድልም ነው፤ ተርጓሚዎች ከሁለቱ አንዱን ሲመርጡ ሌላው ይቀርባቸዋል።

ፈረንሳዮችና እንግሊዞች ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ ያስፈልጋቸዋል። ለእኛ ግን አማርኛችን ራሱ ያስረዳናል። «መድኃኒት አጠጡት» ስንል አዳኑት ማለት ሊሆን ይችላል፤ ገደሉትም ማለት ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደ ሆነ የሚያስረዳን ቃሉ ብቻውን አይደለም፤ ማን ተናገረው፤ ለማን፤ መቼ የሚለውን ማወቅ አለብን።

ደሪዳ ስለ መገናኘት በቀጥታ የተናገረው በነሐሴ ወር 1971 በካናዳ አገር በሞንትሪያል ከተማ ነው። በዚያ የተሰበሰበው የፈረንሳይኛ ተናጋሪ የፍልስፍና ማኅበሮች ጉባኤ የመረጠው አርእስት ኮሙኒኬሽን ነበር። ደሪዳ በዚያ ጉባኤ ያቀረበው አሳብ እንዲህ ነው። የተጻፈ ነገር ጽሑፍ የሚባለው ጸሓፊው ከሄደ በኋላ፤ የተጻፈለትም ሰው ከሌለ በኋላ ሊነበብ የሚችል ሲሆን ነው። ከሁለት ሰዎች በቀር ማንም በምንም መንገድ ሊያነበው የማይችል ነገር ጽሑፍ አይባልም። እዚህ ላይ በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርታችን የተማርነው የሕንደኬ ጃንደረባ ትዝ ይለናል። ያ ኢትዮጵያዊ በሠረገላው ተቀምጦ ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚያነበው የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ነበር። ነቢዩ ከሞተ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ መጽሐፉም ለእርሱ ተብሎ አልተጻፈም። ይሁን እንጂ አነበበው፤ ያነበበውም ጥያቄ አስነሣበት።

ሌላም የቀረበ ምሳሌ አለ፤ እርሱም ፊርማ ነው። ፊርማ የሰውየው የራሱ ምልክት ነው እንላለን፤ እንዲታመን ግን ደጋግሞ በአንድ ዐይነት መልክ መፈረም አለበት። በአንድ ዐይነት መልክ የሚደጋገም ነገር ደግሞ በሌላ ሰው እጅም ሊደገም ይችላል። የወላጁን ፊርማ በውጤት ካርዱ ላይ አስመስሎ የፈረመ ተማሪ ካለ ይህን ፍልስፍና ሳያውቀው አስተምሮናል። ፊርማን የሚያሳምነውና ፊርማን ለማጭበርበር የሚያጋልጠው ነገር አንድ ነው። ቃልም እንዲሁ ነው። ቃል ሊያገለግለን የሚችለው ካንዱ ስፍራ ተነሥቶ በሌላ ስፍራ ሊነገር ስለሚችል ነው፤ ሊያሳስተንም የሚችለው በዚያው ምክንያት ነው።

ምናልባት አሁን ከእናንተ አንዱ እንዲህ ብሎ ይቃወመን ይሆናል። ልጅቱ ለእናቷ በቃሏ ብትነግራቸው ኖሮ የጠበቀውና የላላው በጆሮ ይለይ ነበር፤ እንግዲህ ንጉሡ ታሙስ ልክ ነው፤ ንግግር ከጽሕፈት ይበልጣል። ይህ ተቃውሞ ከባድ ነው፤ እኛም ብዙ ተከራክረንበታል። ዳሩ ግን ፊት ለፊት ቆመን ስንነጋገር «እሺ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ተሳስተን ተቀብለነዋል! አንድ ሰው ገንዘብ አበድረኝ ሲባል «እሺ፤ እናያለን» ቢል፤ እሺታው እውነተኛ እሺታ ነውን? ወይስ ጠያቂውን ላለማሳፈር የተነገረ እንቢታ ነው? ድምፁ ተሰምቷል፤ ፊቱም ታይቷል፤ አሁንም ቃሉ ራሱን አይገልጽም። የሚነገርም ቃል እንደሚጻፈው ሁሉ መነበብ ያስፈልገዋል። ደሪዳም የሚለው ይህንኑ ነው፤ በጽሕፈት ላይ ያየነው ጉድለት በንግግርም ውስጥ አስቀድሞ አለ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ደግሞ ከቅኔ ወዳጆች የሚመጣ ነው። አንድ ቃል ሁለት ትርጕም እንዳለው እኛ ኢትዮጵያውያን ከጥንት ጀምሮ እናውቃለን፤ ሰምና ወርቅ ማለት ይኸው አይደለምን? ፈረንጅ ምን አዲስ ነገር አመጣ? ይሉናል። በሰምና ወርቅ መኩራታችን ተገቢ ነው። ነገር ግን ልዩነት አለው። በሰምና ወርቅ ውስጥ ባለቅኔው ሁለቱንም ያውቃል፤ ወርቁን በሰም ሸፍኖ ያስቀመጠው እርሱ ነው፤ ቅኔውም በተፈታ ጊዜ ወርቁ ይገኛል። ደሪዳ ግን ብዙ ትርጕም ያለውን ቃልና እንደ ዘር የሚበተነውን ቃል ይለያቸዋል። የተበተነ ዘር የት እንደሚወድቅ የዘራው ሰው ራሱ አስቀድሞ አያውቅም። የእማማ ልጅ «አይሰማም» ብላ ስትጽፍ ወርቅ አልደበቀችም፤ ቅኔም አልተቀኘችም። ቃሉ ሌላ መንገድ እንዳለው አላሰበችም። ሳታስበው ግን ቃሉ በዚያ መንገድ ሄደ።

የሞንትሪያሉ ንግግር ራሱ የደረሰበት ዕጣ ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። ደሪዳ በዚያ ንግግር ጆን ኦስቲን የተባለውን እንግሊዛዊ ፈላስፋ አመስግኖም ነቅፎም ነበር። ኦስቲን ያስተማረው፤ ቃል ነገርን ለመግለጽ ብቻ ሳይሆን ሥራ ለመሥራትም ያገለግላል፤ ቃል መግባትና ውርርድ በቃል የሚፈጸሙ ሥራዎች ናቸው ብሎ ነው። በ1977 ጆን ሰርል የተባለ አሜሪካዊ ፈላስፋ፤ ደሪዳ ኦስቲንን በትክክል አልተረዳውም የሚል መልስ ጻፈ። ደሪዳም በዚያው ዓመት፤ ሰርል እኔን አልተረዳኝም የሚል ከፊተኛው እጅግ የረዘመ መልስ ሰጠ። እንግዲህ ስለ መግባባት የሚያስተምሩ ሁለት ታላላቅ ሰዎች እርስ በርሳቸው መግባባት አልቻሉም። ይህ ያስቀን ይሆናል፤ ዳሩ ግን ከእኛ የበለጠ የተማሩ ሰዎች ከዚህ ካላመለጡ እኛም ትሕትና ያስፈልገናል።

ደሪዳ ነገሩን በፖስታ ምሳሌም ገልጾታል። ዣክ ላካን የሚባል የታወቀ የፓሪስ የአእምሮ ሐኪም፤ ደብዳቤ ምን ጊዜም ወደ መድረሻው ይደርሳል ብሎ አስተምሮ ነበር። ደሪዳ በ1975 መለሰለት፤ ደብዳቤ ላይደርስ ይችላል፤ ላለመድረስ መቻሉም ሲደርስ እንኳ አብሮት ነው አለ። ቻንግም ይህን የፖስታ ምሳሌ ወስደው በመገናኛ ትምህርት ላይ ያውሉታል። የደረሰ መልእክት ሁሉ ላይደርስ ይችል የነበረ መልእክት ነው። መልእክቱ ከደረሰ በኋላም ቢሆን፤ በየትኛው ትርጕም እንደ ደረሰ መወሰን ለተቀባዩ የተተወ ሥራ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ፤ እንዲህ ከሆነማ መጻፍም መናገርም ከንቱ ነው፤ ሁሉም እንደ ፈቀደው ይተርጕመዋ! ይላሉ። እኛ ከዚህ ትምህርት ያገኘነው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። መልእክት በራሱ ኀይል የሚደርስ ቢሆን ኖሮ፤ አንባቢ እንደ ስልኩ መቀበያ ምንም ኀላፊነት አይኖርበትም ነበር። እንዲያ ባለመሆኑ ግን የሚያነብ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይመርጣል፤ ለመረጠውም ነገር መልስ መስጠት አለበት።

ስለዚህ አሁን ለእማማ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ አለን። እርሳቸውም ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከእንግዶቻችን ጋር ተቀምጠዋል። እማማ፤ ከልጅዎ ጋር ያጣላዎት ልጅዎ አይደለችም፤ ስልኩም አይደለም። አማርኛችንንም አንከስሰውም፤ በዚያው ፊደል ነው የልጅዎ ናፍቆት ባሕር ተሻግሮ የሚመጣልዎት። ቃሉ ሁለት መንገድ ነበረው። እኛ መንገዱ አንድ ብቻ እንደ ሆነ አድርገን አነበብንልዎት። ሁለተኛ ጊዜ ሲጠይቁንም፤ እስቲ ቆዩ፤ ጠብቆ ይሆን? ብለን ራሳችንን መጠየቅ ሲገባን፤ እንደምናውቅ ሰዎች ሆነን አዎን አልን። ማንበብ መቻላችን አኩርቶን ነበር። አልዋሸንም፤ ነገር ግን መርጠናል፤ መምረጣችንንም አላወቅንም። ስለዚህ በሁላችሁም ፊት ይቅርታ እንጠይቅዎታለን።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ስናነብ አዲስ ልማድ ይዘናል። ቃሉ በሁለት መንገድ የሚነበብ የሆነ እንደ ሆነ ሁለቱንም አንብበን፤ እማማ ልጃቸውን ስለሚያውቁ የትኛው እንደሚመስላቸው እንጠይቃቸዋለን። ያልታወቀም እንደ ሆነ፤ ነገ ደውለው ይጠይቋት እንላቸዋለን። አንድ ቀን እማማ ራሳቸው ገና ሳንጨርስ፤ «ጠብቆ ነው ላልቶ?» ብለው ቀደሙን። ፊደል ያልቈጠሩት እናት ከፈላስፎቹ ጥያቄ ላይ በራሳቸው መንገድ ደርሰዋል።

ውድ ጓደኞቻችን፤ እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በጥቂት ወራት ውስጥ እንለያያለን። አንዳንዶቻችን ዩኒቨርሲቲ እንገባለን፤ አንዳንዶቻችን ሥራ እንይዛለን፤ ምናልባትም ባሕር የምንሻገር አንጠፋም። ከዚያ በኋላ የምንገናኘው በጽሑፍና በስልክ ይሆናል። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ የሌላውን አጭር መልእክት አንብቦ፤ ናቀኝ፤ ረሳኝ ብሎ ይቈጣ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ከመቀየሙ በፊት ቃሉን አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲያነበው፤ ጠብቆ ነው ላልቶ ብሎም ራሱን እንዲጠይቅ፤ መልሱን ካላገኘም ወዳጁን እንዲጠይቅ እንለምነዋለን። የሚጽፈውም፤ እኔ የማስበውን አንባቢው እንዴት ያጣዋል ብሎ ሳይታበይ፤ አጠገቡ ቆሞ ሊያስረዳው ለማይችል ሰው እንደሚጽፍ ያስብ።

ይህ ንግግራችንም በበዓሉ መጽሔት ላይ እንዲወጣ ተወስኗል ተብሎ ተነግሮናል። ዛሬ በድምፃችን ስንናገር የጠበቀውንና የላላውን ሰምታችኋል። በመጽሔቱ ላይ ግን እኛ አንኖርም፤ ፊደሎቹ ብቻ ይኖራሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ በዚህ ትምህርት ቤት የሚማሩ፤ ስማችንን እንኳ የማያውቁ ታናናሾቻችን ያነቡት ይሆናል። እኛ ያላሰብነውን ነገር አግኝተውበት ቢጠቀሙ ደስ ይለናል፤ የተሳሳትነውን ቢያገኙም ያርሙልን።